በእጅ አንጓ የወጣሁት ዳገት

እሑድ ነው፤ ኮምቦልቻ ገና ዓይኗን አልገለጠች፣
ቦርከና ጉሟን ተከናንባ ትንፋሿን ውጣ ተኝታለች።
ከመናኸሪያው ጥግ አሥራ አንድ ኮርሳ ቆሟል፣
ማልያቸው ቢጫ ነበር፣ ታጥቦ ታጥቦ ነጥቷል።
እኔ ከኋላቸው፣ ግማሽ አፍሬ ግማሽ ደፍሬ፣
ሦስት ሺህ ዋት ሞተር ከኋላ ጎማዬ አስሬ፤
የእህቴ ባል ሙሄ ነው በይዶ የገጠመልኝ፣
«ትንሽ ብጨምርበት ትበራለህ፤ ኋላ እንዳትወቅሰኝ» ያለኝ።
በሥራ ቀን መድኃኒት አመላልስበታለሁ፣
ደሴ ፒያሳ ድረስ፣ ካርቶን በካርቶን ላይ እጭናለሁ፣
ያዘዝኩት ሻይ ሳይበርድ እመለሳለሁ።

ጋሽ አሊጋዝ፣ አሠልጣኙ፣ ጎንበስ ብሎ መረመረው፣
የጎማውን እምብርት እንደ በግ ላት ዳበሰው፤
«ይኼማ ብስክሌት አይደለም፣ ብስክሌት የለበሰ ጂኒ ነው!
ግድ የለም፣ ከፊት ሁን፤ ነፋሱን ቁረጥላቸው።
ዛሬ አሯሯጭ ነህ። ብቻ መስታወትህን እያየህ፣
ሰው እንዳትገድልብኝ እየሣቅህ።»

ሐረጎ ጀመረ።
አንደኛው መታጠፊያ ላይ ሁሉም አሉ፣ ወሬም አለ፣
ስለ ትናንቱ ኳስ፣ ስለ ጎማ ዋጋ፣ ማን ምን እንዳለ፤
ሦስተኛው ላይ ወሬው ቆመ። ሰንሰለቱ ብቻ ቀጠለ።
ከላይ አይሱዙ ወረደ፣ የተቃጠለ የፍሬን ሽታ ይዞ መጣ፣
ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ «በርቱ! በርቱ!» እያለ፣
እኔ ጋ ሲደርስ ዝም አለ። ምን ይበለኝ? ቃል አጣ።

ይመር አምስተኛው ላይ ቀረ፣ እንደ ተቀየመ ሰው።
ጣሂር ጥርሱን ነክሶ ሄደ ሄደና ካምቢዮው ከዳው።
ሌሎቹን ሲቀሩ አላየሁም፤ መታጠፊያው ዋጣቸው፣
አንድ በአንድ፣ ኮሽታ ሳያሰማ፣ ገደሉ ቆጠራቸው።

መስታወቴ የባጃጅ ነው፣ ጠርዙ ላይ ተሰንጥቋል፤
ከስንጥቁ ሥር አንድ ፊት ብቻ ቀርቷል።
ሰዓዳ ነች።
ከጨርቃ ጨርቅ የሌሊት ፈረቃ ወጥታ፣
የጥጥ ብናኝ ቅንድቧ ላይ እንዳለ፣ ቤት እንኳ ሳትገባ መጥታ።
መስታወቱን በሷ ልክ ዝቅ አደረግሁት።
አንጓዬን አዞርኩ፣ የገብስ ፍሬ ታህል።
መጣች።
ሌላ ፍሬ።
መጣች።
ሌላም። አፏ ተከፍቷል፣ ምላሷ ይታያል፣
ትከሻዋ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ግራ ቀኝ ይላል፣
ዓይኗ ግን ጎማዬ ላይ ተሰክቷል።

ፈራሁ። እውነቴን ነው፣ ፈራሁ።
ከኔ እጅ እስከሷ ልብ አንድ ክር ተወጥሮ አየሁ፤
እኔ በጣቴ ስስበው እሷ በሳንባዋ ትከፍላለች።
ብትወድቅስ ብዬ ላቀዘቅዝ ስል
«እንዳታደርገው!» አለች፤
የቀረቻትን ትንፋሽ እኔን ለመቆጣት አጠፋች።

ጦሳ ብቅ አለ።
ብስክሌቷን ቀስ አድርጋ አስተኛች፣ ራሷን ግን ጣለች፣
ሣሩ ላይ አስታወከች፣ አፏን ጠረገች፣ ሣቀች፤
ከጀርባዋ እንፋሎት ይነሣል።
እኔ ቆሜ ነበር፣ ሸሚዜ ደረቅ፣ ግንባሬ ቀዝቃዛ፣
በሰው ሠርግ ላይ እንደ ተገኘ ሰው፣ ስጦታ ሳይገዛ።
«ደከመህ?» አለችኝ።
ፌዝ የለበትም፤ ከልቧ ነው የጠየቀችኝ።
ከዚያ ሁሉ ዳገት የተረፈኝን ድካም ፈለግሁ፣
ከእግሬ አጣሁ፣ ከደረቴ አጣሁ፣
«እዚህ ጋ ትንሽ» ብዬ አንጓዬን አሳየሁ።
ያዘችው። ጣቷ ይንቀጠቀጣል።
«እሱም ሥጋ ነው» አለችኝ።

ሰኞ ካርቶኔን ጭኜ ብቻዬን ስወጣ
ሰባተኛው መታጠፊያ ላይ አንጓዬ ላላ፤ እኔ አላዘዝኩትም።
መስታወቱ እንደ ትናንቱ ነው፣ አላስተካከልኩትም።
ከኋላዬ ተሳቢ መኪና ጥሩምባውን ይነፋል፤
እኔ የሚታየኝ ግን
ባዶ ሬንጅ ነው፣ ዝቅ ብሎ፣
በአንዲት ልጅ ትንፋሽ ቁመት።